የሊቁ በር
በመኪና ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ባትላሜራ ነበርኩ፤ ልጆቼን ያሳደግኩት ላሜራ ቀጥቅጬ ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት አንዱን የበላብኝ ለኤግዚቢሽን ብቻ የታዘዘ፣ እንቁላል የሚመስል መኪና ነው። ነዳፊውን በሌለበት «ሊቁ» እንለው ነበር። ሊቁ በሩን ሲስል የረሳው ነገር ቢኖር የምንሠራበት ክፍል ጠባብ መሆኑን ነው። በሩ ሲከፈት ግድግዳውን ይገጫል፤ መኪናው ደግሞ ሳያልቅ ከክፍሉ አይወጣም። ቢቸግረኝ የመጋዘን በር ሐዲድ አምጥቼ ወደ ጎን እንዲንሸራተት አደረግኩት።

ሊቁ ሲያየው ፊቱ ተጨማደደ። «የመጋዘን በር ገጥመህ አዋረድከኝ» አለኝ።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሊቁም ጥፋቱን እኔ ላይ ላከከና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈብኝ። ከመኪናው ጋር ስሜ የተነሳበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

ዓመታት አለፉ። ጉድ እኮ ነው፣ ሰው የሚያመላልስ መኪና ሁሉ በሩ ይንሸራተት ጀመር። ሊቁ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሐሳቡ በሕልሜ መጣልኝ» ብሎ ተሸለመበት። እኔ ጡረታ ወጣሁ።

እንቁላሉ ሙዚየም ሲገባ እኔም ተጠራሁ። ባለቤቴ ሸሚዜን እየተኮሰች «ዛሬ እንኳ ስምህን ይጠሩልህ ይሆናል» አለች። አልዋሽም፣ ጓጓሁ። አንድ ጊዜ በሰው ፊት ቢጠራልኝ ሌላ የምፈልገው አልነበረም።

ሊቁ ንግግሩን ጨርሶ ካሜራ ፊት በሩን ሳበ። እምቢ አለው። ያ በር ዘዴ አለው፤ በዳሌ ገፋ አድርጎ ብድግ ማድረግ ነው። ይኼን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ላቡ ሲንቆረቆር ዞር ዞር ብሎ ፈለገኝና ጠጋ አለኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰላምታዬን በቅጡ መልሶልኝ የማያውቅ ሰው «ወንድሜ፣ እባክህ እርዳኝ» ብሎ አንሾካሾከ።

«ማን እንደሠራው ይንገሯቸውና እከፍትልዎታለሁ» አልኩት።

ጥርሱን ነክሶ ወደ በሩ ተመለሰ። ባለ በሌለ ኃይሉ ሲስበው እጀታው ተገንጥሎ እጁ ላይ ቀረ። ሊቁ እጀታውን ከፍ አድርጎ አሳየና «የወደፊቱ መኪና እጀታ የለውም» አለ። ተጨበጨበለት። እኔና ባለቤቴ ሹልክ ብለን ወጣን።

ይኸው የልጄ ባል አዲስ መኪና ገዝቷል፤ እጀታ የለውም፣ በሩ የሚከፈተው በስልክ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ስልኩን ይዞ በሩን ሲደባብስ በመስኮት አየዋለሁ።

«ይኼም ያንተ ነው እንዴ?» ትለኛለች ባለቤቴ ልትነካካኝ።

«የለም» እላታለሁ፣ «ይኼስ የራሱ የሊቁ ነው።»