ያልተፈረመው ፖስታ

አዛውንቱ ኤሎይ ማይስታስና ምራታቸው ዴልፊና ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ተኳርፈው አያውቁም ነበር። ያኳረፋቸው የትምህርት ቤት ምሳ ነው።

በዚያ ኅዳር የአሜሪካዋ የኮሎራዶ ግዛት ሕዝብ ለተማሪ ሁሉ የሚቀርበው ነፃ ምሳ ይቀጥል፣ ወጪውም በዓመት ከሦስት መቶ ሺህ ዶላር በላይ ከሚያገኙ ሰዎች ግብር ይሸፈን እንደሆነ ድምፅ ሊሰጥ ነበር። ዴልፊና የመንደሩ ትምህርት ቤት ዋና ምግብ አብሳይ ናትና ነገሩ ለእሷ የእንጀራም የልብም ጉዳይ ነው። አባባ ኤሎይ ደግሞ አርባ ዓመት ድንች ያመረቱ ገበሬ ናቸው፤ እንኳን ሦስት መቶ ሺህ፣ ሩቡንም በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ቢሆንም ግብር የሚባል ነገር ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። ዛሬ የሀብታሙን በር ያንኳኳ ነገ የእኔን ያንኳኳል፣ ልጁን የወለደ ያብላ ባይ ናቸው። ዴልፊና ደግሞ፣ የወለደ ሁሉ የሚችል ቢሆን እኔ ምን ሥራ ነበረኝ ትላቸዋለች። ባሏ ለሥራ ርቆ ስለነበር የሚገላግላቸው አልተገኘም። እራት ላይ ስለ በረዶና ስለ ጎረቤት ላሞች ብቻ ማውራት ጀመሩ።

የምርጫው ዕለት ዴልፊና ገና ሳይነጋ ለሥራ ስትወጣ ቤቷ ሞልታ ያሸገችውን የድምፅ መስጫ ፖስታዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ፖስታው የሚገባበት የድምፅ ሣጥን ያለው ሃያ ማይል ርቆ ከተማው ውስጥ ነው።

«አባባ፣ የእርስዎን ሲወስዱ የእኔንም ይዘውልኝ ይሂዱ።»

«መንገድ ላይ ብጥለውስ?»

«አርባ ዓመት ድንች ሲሸጡ ሚዛን ሰርቀው አያውቁም» አለችና ሄደች።

አባባ ኤሎይ ረፋዱ ላይ አሮጌ ፒካፓቸውን አስነስተው ከተማ ገቡ። የራሳቸውን ፖስታ ከሣጥኑ ከተቱ። የምራታቸውን ሊያስገቡ ሲሉ ጀርባው ላይ ዓይናቸው አረፈ፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። ያልተፈረመ ፖስታ ተለይቶ ይቀመጣል እንጂ አይቆጠርም። የረሳችው ራሷ ናት፣ እኔ ምን አገባኝ ብለው ፖስታውን ወደ ቀዳዳው አስጠጉ። እጃቸው ግን እምቢ አለ። ሌላ ሰው በረሳው ፊርማ ማሸነፍ ሚዛን ከመስረቅ በምን ይሻላል? ራሳቸውንም እሷንም እየረገሙ መኪናቸውን አዞሩ።

ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ የምሳ ሰዓት ነበር። የዴልፊና እጅ እስከ ክንዷ ዱቄት ሆኗል፤ ሕፃናቱም ተሰልፈዋል። እስክጨርስ ተቀምጠው ይብሉ አለቻቸው። ነፃው ለልጆች ነው ተብለው አምስት ዶላር ከፈሉና፣ በአረንጓዴ ቃሪያ የተሠራውን የድንች ወጥ ይዘው ከሕፃናት መሀል ትንሽዬ ወንበር ላይ ተጣጥፈው ተቀመጡ። ሁለት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ አየቻቸው።

«ስንተኛ ክፍል ነዎት?»

«ሦስተኛ። ብዙ ጊዜ ወድቄ ነው።»

ልጅቷ አዘነችላቸውና ብስኩቷን ገምሳ ሰጠቻቸው። እሳቸው ሦስተኛ ክፍል ሳሉ፣ ነጭ ዳቦ ይዘው የሚመጡት ልጆች እንዳይስቁባቸው፣ ባቄላ የተጠቀለለበትን ቶርቲያ የሚባል ስስ ቂጣ በጃኬታቸው ሸፍነው ይበሉ ነበር። አሁን ግን ዙሪያቸውን ቢያዩ የደኸየው ማን፣ የደላው ማን እንደሆነ መለየት አቃታቸው።

ዴልፊና እጇን ታጥባ መጣች። ያልተፈረመበትን የፖስታዋን ጀርባ ሲያሳዩዋት ፊቷ ቀላ።

«የእርስዎስ?»

«አስገብቻለሁ።»

«ምን ብለው?»

«እምቢ ብዬ ነዋ።»

ዴልፊና ጠረጴዛውን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እምቢ ብለው ሲያበቁ ለእኔ እሺታ ሃያ ማይል ተመለሱ?»

«ገና ሃያ እሄዳለሁ። ቶሎ ፈርሚ። ደግሞ ድንቹን ፍሪጅ ውስጥ ነው የምታኖሩት? ብርዱ ስኳር አድርጎታል።»

ፈረመች። እሳቸውም አደረሱላት።

ማታ ውጤቱ ሲሰማ የነፃ ምሳው ሐሳብ በድምፅ ብልጫ ጸድቋል። አባባ ኤሎይ አልተከፉም፤ የእኔና የአንቺ ድምፅ ተጣፍቷል፣ ያሸነፉልሽ ሌሎች ናቸው አሏት። በሳምንቱ ግን ማንም ሳይጠራቸው ወደ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሄደው ድንቹን ከፍሪጅ አስወጥተው ጨለማ ጓዳ ውስጥ አስቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ረቡዕ ረቡዕ አይቀሩም። አምስት ዶላራቸውን እያጉረመረሙ ይከፍላሉ፤ ሕፃናቱም ቦታ ይይዙላቸዋል። እራት ላይ ክርክሩ ተመልሷል፤ አሁን የሚጨቃጨቁት ወጡ ቃሪያ ይጨመርበት አይጨመርበት በሚል ነው።