የቀደመው ጉልበት

ቨርሊን ሃውገን በሚኒሶታ ገጠር ቤዝቦል ሲዳኝ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በየዓመቱ በረዶው ሳይቀልጥ ወጣት ዳኞችን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበስብና ያንኑ ቃል እንደ ዳዊት ይደግምላቸዋል፦ «ወርዋሪው ከቤዝ፣ ከማረፊያው ትራስ፣ የራቀውን ሯጭ ሊያስይዝ ሲወረውር ኳሷን አትዩ! የቤዝ ጠባቂውን ጉልበት እዩ። ኳስ ሳይዝ መንገድ ከዘጋ ሯጩ አልተቃጠለም፤ እንዲያውም የሚቀጥለው ቤዝ በነጻ ይሰጠዋል።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ራሱ ኳሷን አየ።

የመጨረሻው ዙር ነበር። የነላይል ቡድን በአንድ ነጥብ እየተመራ ነው፤ ሁለት ሰው ተቃጥሎበታል፣ ሦስተኛ ሰው ከተቃጠለ የዓመቱ ውድድር አለቀለት። ላይል ስትሮበል፣ ብረት በያጁ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ «ዘንድሮ መጨረሻዬ ነው» ያለው፣ ከአንደኛ ቤዝ አራት እርምጃ ርቆ ነበር። ወርዋሪው ዞሮ ወረወረ። ላይል ወደ ቤዙ ለመመለስ በደረቱ ተወርውሮ እጁን ዘረጋ። ጠባቂው ግን ኳሷ ሳትደርስ ጉልበቱን ቤዙ ፊት ደቅኖ ነበር። ቨርሊን ይህን ዘግይቶም ቢሆን አይቷል። ቡጢው ግን ቀድሞ ተነሥቷል።

«ተቃጥሏል!»

የነላይል አሰልጣኝ ኦሪን ኮፍያውን መሬት ላይ ፈጥፍጦ መጣ። «ምን ነካህ ቨርሊን? ጉልበቱን አላየህም? ያንተው ትምህርት አይደለም እንዴ!»

«አይቻለሁ። ኳሷ ቀድማለች።»

ዋሸ። ሌላኛው ዳኛ የፊት መከለያውን አውልቆ ከሩቅ ይጠብቀዋል። የተጠራጠረ ዳኛ ባልደረባውን ጠርቶ ይማከራል፣ ውሳኔውንም ይቀይራል፤ ማንም አይስቅበትም። ቨርሊን ጀርባውን ሰጠው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ያለ መስሎታል፤ የጠፋው ግን የሰው ልፋት ነበር።

ላይል አቧራውን ሳያራግፍ ተነሥቶ ኦሪንን ያዘው። «ተው በቃ! ጋሽ ቨርሊን አየሁ ካሉ አይተዋል። እሳቸው አይዋሹም።» ይህን እያለ ዓይኑን ከቨርሊን አልነቀለም።

ከጨዋታው በኋላ ቨርሊን ፒካፑ ኋላ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ላይል ጣቶቹ ላይ በረዶ ይዞ መጣ።

«ላይል፣ ጉልበቱ ቀድሞ ነበር» አለ ቨርሊን ቀና ሳይል። «አይቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ። ጣቴ ያረፈው እሱ ላይ ነው እኮ።» ያበጡትን ሁለት ጣቶቹን አሳየው።

«ታዲያ ለኦሪን ለምን ‹አይዋሹም› አልከው?»



«እንደዚያ ስል ባልደረባዎን የሚጠሩ መስሎኝ ነዋ፣ ጋሼ» አለ ላይል። «ቆሜ ጠበቅሁዎት።»