ማዕረግ የቀዳው ሙሾ

«ይኸው ሣልስቱ ደረሰ፤ የትምወርቅ እስካሁን አንዲት ቃል አላወጣችም» አሉ አያ ጌጡ፣ ንፍሮ ከመዳፋቸው እየለቀሙ። ማንሾካሾካቸው ነበር፤ ድንኳኑ ሙሉ ግን ሰማቸው።

ነገሩ እውነት ነው። የትምወርቅ ለመሐል ሜዳ ዙሪያ ሙታን ሁሉ ሙሾ ስታወርድ የኖረች አልቃሽ ናት። የገዛ ልጇ ማዕረግ በሠላሳ ዓመቱ ታሞ ሲቀበር ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ዝም አለች። ሰው ደነገጠ፤ ከደነገጠ በኋላም እንደ ልማዱ ያማ ጀመር።

የማዕረግ ሥራ ለአገሬው ግራ ነበር። አሳታሚ የለው፣ አለቃ የለው። አዲስ አበባ በተከራያት አንዲት ክፍል ክራሩን እየመታ ራሱ ይቀዳል፤ የየዘፈኑን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ይጽፋል፤ ዘፈኖቹን በፍላሽ ሞልቶ ራሱ በነደፈው የሱፍ መያዣ ከትቶ እየዞረ ይሸጣል። ሱፉን የምትፈትልለት እናቱ ነበረች። «ፍላሹንም ብርድ እንዳይመታው ባና አለበሰው» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

በሦስተኛው ሥራው ከእናቱ ጋር ተጣላ። ከገበያ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ የራሷን ድምፅ ሰማች። በጎረቤት ለቅሶ ላይ የሞተ ባሏን አስታውሳ ያወረደችውን ሙሾ ማዕረግ በስልኩ ቀድቶ ከክራሩ ጋር አዋህዶታል። «ወራጅ አለ» ብላ መንገድ ላይ ወርዳ በእግሯ ገባች። ሬሳ በሌለበት ሙሾ ማሰማት ሞትን መጥራት ነው፤ ከእናቷ የተማረችው ይህንን ነው። «ሞት ጠራህብኝ» አለችው በስልክ። ከዚያ ወዲህ እንዝርት አልነካችም። በሁለተኛው ዓመት ማዕረግ ታመመ።

አሁን የቀረቻት ሴት ልጇ ጽናት ብቻ ናት፤ እሷም የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። የትምወርቅ «ሙሾዬ አንዴ ሞት ጠርቷል፤ አሁንም አንድ ስንኝ ባወጣ ለዚችም ይመጣል» ብላ ፈራች።

ከሰዓት በኋላ ወንድምአገኝ ከአዲስ አበባ ገባ። ከማዕረግ ጋር ከበሮ ይመታ የነበረ ጓደኛው ነው። ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመና ከኮቱ ኪስ ደብተር አወጣ።

«ለአራተኛው ሥራ የጻፈው ነው፣ እማማ። ስለ እርስዎ የጻፈውም አለበት።»

«አንብቢው» አለቻት የትምወርቅ ጽናትን።

ጽናት ደብተሩን ተቀብላ አነበበች። «እናቴ ሙሾዋ ሞት የጠራ ይመስላታል። አባቴ ሲሞት እኔ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እህቴ አልተወለደችም። በግራ እጁ እንደሚያጭድ፣ ሲስቅ አፉን በጋቢው እንደሚሸፍን፣ ፈረሱን እያወራው እንደሚጭን ያወቅነው ከእሷ ሙሾ ነው። እሷ ባታለቅስ አባት አይኖረንም ነበር። ሳላስፈቅድሽ መቅዳቴ ግን ጥፋት ነው፤ ይቅር በይኝ፣ እማዬ።»

ከጽሑፉ ሥር ለመያዣው ያሰበው ንድፍ አለ፤ ክሯ ያላለቀ አንዲት እንዝርት። የትምወርቅ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ የጽናትን ሆድ አየች።

«ይሄም አጎቱን ላያውቅ ነው» አለች።

«ከነገርሽው ያውቃል» አለች ጽናት።

አያ ጌጡ ንፍሮ መልቀማቸውን ተዉ።

«ስልክሽን አምጪ» አለች የትምወርቅ።

«ለማን ልደውል?»

«ለማንም አትደውዪ። እሱ እንደቀዳኝ አድርገሽ ክፈቺው።»

ጽናት መቅጃውን ከፍታ ስልኩን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። የትምወርቅ አነሳችና የስልኩን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ አፏን የሸፈነውን ነጠላ ወደ አንገቷ ዝቅ አደረገች።