ደረቷን የነፋችው ድንቢጥ

"ያንሱት! እትዬ፣ ድስቱን ያንሱት!"

ልብስ ሰፊዋ ከማድ ቤት ዘላ ስትወጣ በእጇ የያዘችውን ጭልፋ እንኳ አላስቀመጠችም። የባሏ ታላቅ እህት ግን ምኑም አልገባቸውም። ከምድጃ የወረደውን ትኩስ የሾርባ ድስት ምግብ ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ ነበር።

"ምነው፣ ምን ሆንሽ? ጠረጴዛው እንዳይቃጠል ብዬ እኮ ሥሩ አነጠፍኩለት" አሉ።

ያነጠፉለት ድንቢጧን ነው።

ድንቢጧ የደብተር ገጽ የምታክል የጨርቅ ሥዕል ናት። ላይዋ ተቆራርጦ የተገጣጠመ ጨርቅ፣ መሀሏ ሰው ሠራሽ ጥጥ፣ ጀርባዋ ደግሞ ሌላ ጨርቅ ሆኖ፣ ሦስቱ አንድ ላይ በማሽን ተሰፍተዋል። ልብስ ሰፊዋ ለሰው ሱሪ ስታሳጥርና ዚፕ ስትቀይር ውላ፣ ከዚያ የሚተርፋትን ቁርጥራጭ እየለቀመች ወፍ ትሠራበታለች። ወፍ ስትሰፋ ጨርቁን ከሥር የሚጎትቱትን የማሽኑን ጥርሶች ዝቅ ታደርጋቸዋለች። ያኔ ማሽኑ መርፌውን ከማውጣትና ከማውረድ በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ጨርቁን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ዙሪያውን የሚነዳው የእሷ እጅ ነው። እጅ ከፈጠነ ስፌቱ ይንዘላዘላል፣ ከዘገየ ይተበተባል። ይህችኛዋ ድንቢጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ቆማ፣ አፏን ከፍታ፣ ደረቷን ነፍታ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የምትሳደብ ነው የምትመስለው። ልብስ ሰፊዋ ከሠራቻቸው ሁሉ እንደሷ የምትወደው የለም።

ድስቱ ሲነሳ ያ የተነፋ ደረት የለም። ውስጡ ያለው ጥጥ ቀልጦ ከጨርቁ ጋር ተጣብቋል፤ ላዩ ላይ ቡናማ ቃጠሎ ወጥቶበታል።

"ውይ! ሥዕል ነው እንዴ?" አሉ እትዬ አፋቸውን ይዘው። "እኔን! እኔ ደግሞ የድስት ማስቀመጫ መስሎኝ!" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ የደነገጠ ሰው ሳቅ ነው። ባሏ ግን ተከትሎ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋን ያንገበገባት የሱ ሳቅ ነው። አሥር ጊዜ "ቆንጆ ናት" ያላት ወፍ እኮ ናት!

"ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ማስረከብ እንዳለብኝ ታውቃለህ" አለችው።

"ሌላዋን ውሰጂያ። ሳጥኑ ሙሉ ወፍ አይደል እንዴ?"

"የመረጡት ይህችን ነው። ፎቶዋን ልኬ፣ ከስንት ሰው ሥራ መሀል አይተው፣ ይህችን ነው ያሉት።"

"እሺ፣ ለከርሞ ይደርሳል። አሁን ምሳ ይቅረብ፤ እትዬን እናስርባቸው?"

ልብስ ሰፊዋ ጭልፋውን እጁ ላይ አኖረችለት። ድንቢጧን ይዛ፣ ማሽኗ ወዳለበት ወደ መኝታ ቤቱ ጥግ ሄደች። ባሏ ጭልፋውን እንደያዘ ተከተላት።

"ኧረ በሕግ! እንግዳ ቁጭ አድርገሽ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እህትህ ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆኑት? 'የወንድሜ ቤት ቤቴ ነው' ሲሉ ነው የምሰማው።"

"ሴትዮ፣ አታዋርጂኝ።"

"የሰፈሩን ሁሉ መብራት የምትቀጥል ሰውዬ፣ ሾርባ መቅዳት ያቅትሃል? ሂድ፣ ቅዳ።"

ባሏ ጭልፋውን ይዞ ወጣ። ወዲያው ሳህን ሲንኳኳ፣ ቁም ሣጥን ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ።

ልብስ ሰፊዋ ድንቢጧን ገልብጣ የጀርባውን ጨርቅ በምላጭ ቀደደችው። የቀለጠውን ጥጥ በወረንጦ እየለቀመች ታወጣው ጀመር። እንደ ማስቲካ ነው የሚሳበው። ለዚህች ደረት ስንት ጊዜ ሰፍታ ስንት ጊዜ እንደፈታች እሷ ናት የምታውቀው። የቤቱ ሰው ግን በላይዋ ላይ ድስት ቢቀመጥ ምን ችግር አለው ባይ ነው።

እትዬ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዋና ነርስ ሆነው የኖሩ ሴት ናቸው፤ በር ማንኳኳት የሌላ ሰው ሥራ ይመስላቸዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ በሽተኛ በማጣታቸው ዘመዶቻቸውን ነው የሚያዙት።

"ተቀየምሽኝ አይደል? አጥፍቻለሁ፣ አላወቅኩም" አሉ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጡ። "እንዲያውም ልንገርሽ፣ በጣም ነው የወደድኩት። ሙቀት አያሳልፍም፣ አይንሸራተትም፣ ጠረጴዛም አይጭርም። ለኔም ቤት ሥሪልኝ። ወፍም ይሁን ዶሮ፣ ያሰኘሽን አድርጊበት።"

"አልሠራም፣ እትዬ።"

"ምን አልሽ?"

"አልሠራም አልኩ። ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ከሆነ ከነገ ጀምሬ እሠራልዎታለሁ፣ ያውም ደስ እያለኝ። ለድስት ከሆነ ግን ፎጣ አጥፈው ያንጥፉለት።"

የእትዬ ዓይን ፈጠጠ። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመናቸው እንዲህ ብሎ የመለሰላቸው ሐኪም እንኳ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ካገባች ጀምሮ እኚህን ሴት "እሺ" ከማለት ሌላ ቃል ብላቸው አታውቅም። ደግሞም የሚገርመው፣ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ አልጸጸታትም።

አዲስ ጥጥ ጠቅጥቃ የቀደደችውን ጀርባ በእጇ ሰፋች። በተቃጠለው ደረት ላይ ከአንድ ሱሪ ጫፍ የቀረ ቡናማ ጨርቅ አልብሳ ማሽኑ ሥር አስገባችው። ፔዳሉን ስትረግጠው ንዴቷ እግሯ ላይ ነበር መሰለኝ፣ ማሽኑ ጓ ብሎ ተነሳ፤ ክሩም ወዲያው ተበጠሰ። እንደገና አስገባች፤ እንደገና ተበጠሰ።

"በንዴት ነው የምትረግጪው" አሉ እትዬ ካሉበት ሳይነሱ።

"አውቃለሁ።"

"እንዲህ ሆነሽ መርፌ አትያዢ። ትንሽ ተንፍሺ መጀመሪያ።"

ምክሩን ለመቀበል ደሟ ገና አልቀዘቀዘም፤ ግን ልክ ነበሩ። እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ተነፈሰች። ከዚያ በቀስታ ረገጠች። መርፌው ባለበት ይወጣል ይወርዳል፤ እሷ ጨርቁን ታዞረዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ወደ ጎን ትስበዋለች፤ ክሩ ሳይቋረጥ አንዱ ላባ ከሌላው ላባ ሥር ይወጣል። እትዬ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ጀመር። ከማድ ቤት በኩል ባሏ "ጨው የት ነው ያለው?" እያለ ሲጣራ ሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት።

"ለካ እየሳልሽ ነው የምትሰፊው" አሉ እትዬ በመጨረሻ።

"እንደዚያ ነው።"

"እንግዲያው ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽንም?"

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻቸው። "ነግሬያችሁ ነበር" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ባሏ በሥራ መኪናው አዳራሹ ደጅ ሲያደርሳት ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው። መንገዱን ሁሉ ኩርፍ እንዳለ ነው የነዳው፤ ቢሆንም አብሯት ገባ። የአዳራሹ ሠራተኛ መሰላል አጠገብ ቆሞ የሠሪዎቹን ስም የያዙ ካርዶች ከሥዕሎቹ ሥር ይለጥፋል። ድንቢጧን ተቀብሎ አገላበጣት፤ ደረቷን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ፈገግ አለ።

"አይ እናቴ፣ ዘገዩ እኮ። የዋናው አዳራሽ ግድግዳ ሞልቷል። ግን አይጨነቁ፣ ቦታ አላጣልዎትም" አለና መሀል ያለውን ጠረጴዛ አሳያት። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ሰፊ ጠረጴዛ ነው፤ መብራቱ ቀጥታ ይወርድበታል፤ በበሩ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። "እዚህ እናነጥፋታለን።"

"በጣም ጥሩ!" አለ ባሏ፣ ከምሳ ሰዓት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ እየተፈታ። "አየሽ? ከሁሉም የተሻለ ቦታ ደረሰሽ።"

"ሌላ ግድግዳ የለም?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ያለው ያ ነው" አለ ሠራተኛው፣ ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚወስደውን ጠባብ ኮሪደር በአገጩ እያመለከተ። "እዚያ ማንንም አልሰቀልንም። ጨለም ይላል፤ በሩ ሲከፈትም ይጋርደዋል። ለእርስዎ ብዬ ነው፣ እዚህ ብትጋደም ይሻላል።"

"ወፍ ተጋድማ አይተህ ታውቃለህ?"

ሠራተኛው አሰበ። "ሞታ ካልሆነ... አላየሁም።"

"እኔም አላየሁም። ኮሪደሩ ይሁን።"

ባሏ ክንዷን ያዝ አደረጋት። "ምን ነካሽ? ስንት ጊዜ የጠበቅሽው ቀን እኮ ነው! እዚያ ማን ያይልሻል?"

"ሽንቱ የመጣ ሁሉ" አለችው። "ትንሽ ሰው እንዳይመስልህ።"

ሠራተኛው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እሷ ግን አልሳቀችም። ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞራ አየችው፤ መብራቱ ያጓጓል፣ እውነት ለመናገር በጣም ያጓጓል። እዚያ ብትተኛ ነገ የሚመጣው ሰው ሁሉ ያያት ነበር፤ አይቶም ቦርሳውን፣ ጃንጥላውን፣ የውሃ ጠርሙሱን አጠገቧ ያሳርፍ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ላይዋ።

ድንቢጧን ከሠራተኛው እጅ ወስዳ ወደ ኮሪደሩ ገባች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና ሰው ሲቆም ዓይኑ በሚደርስበት ልክ ጣቷን አሳረፈች። "እዚህ ጋ" አለች።

ሠራተኛው ሚስማርና መዶሻ ይዞ መጣ፤ እንደ ልማድ ሆኖበት ለባሏ ዘረጋለት። ባሏም እጁን ሰደደ። ልብስ ሰፊዋ ቀደመችው።

"አንተ ወፏን ያዝልኝ" አለችው መዶሻውን እየተቀበለች። "ሚስማሩን የምመታው እኔ ነኝ።"