ካፖርት ያልታሰበለት ወንበር

ሰዎች «ሚሊሜትር» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት በልክ አጥባቂነቷ ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው። ሥራዋ ለትልልቅ ሆቴሎች የቤት ዕቃ መንደፍ ነው፤ የምትኖረውም ሰው ከቤቱ ሳይወጣ እንደ ሽንኩርት ልብስ በልብስ ላይ በሚደርብበት ብርዳም ከተማ። ሙያውን ማንም አላስተማራትም። ያስተማራት ከሌለ ሊያርማትም የሚችል የለም ብላ ደምድማለች።

በዚያ ዓመት ከተማው ውስጥ ካሉት ሆቴሎች ሁሉ ትልቁ፣ ለእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ወንበር አዘዛት። ባለሆቴሉ ደግ ሰው ነው፣ አንድ አመል ብቻ አለበት፤ ዓይኑ ያየው ቆንጆ ነገር ሁሉ ከራሱ ጭንቅላት የወጣ ይመስለዋል። በረዶ ግቢው ላይ አምሮ ሲወርድ እንኳ፣ «እንዴት ያምራል» ሲሉት አንገቱን ሰበር አድርጎ ምስጋናውን ይቀበላል።

የመጀመሪያውን ወንበር ስታመጣለት ዞረው፣ ደባበሰው፣ ከዚያም ለእንግዳ ተቀባዩ፣ «እንቅልፍ አጥቼ ያሰብኳት ወንበር ይቺ ናት» አለው።

ሚሊሜትር ከቦርሳዋ ስሟ የተቀረጸባት ጣት የምታህል የናስ ቁራጭ አወጣች።

«ጋሼ፣ ይቺን ከጀርባው ላይ ልምታት።»

«ምንድን ናት?»

«ስሜ።»

«ስም ምን ያደርጋል የኔ ልጅ? ወንበር መቀመጫ እንጂ መታወቂያ አይደለም።»

«ታዲያ የርስዎ ስም በሩ ላይ ምን ይሠራል?»

«እሱ በር ነዋ» አለ ባለሆቴሉ፣ ነገሩ ያለቀለት መስሎት።

ናሷ ወደ ቦርሳዋ ተመለሰች፤ ከካቻቪቴውና ከሜትሩ ጎን ተቀመጠች። ሚሊሜትር ግን አንድ ቀን ይህን ሰው «የሷ ሥራ ነው» ሳታሰኝ እንደማትቀር ለራሷ ማለች።

የሥራ ቤቷ ሕግ ጥብቅ ነበር። ወንበር የሚሞከረው በዘመድ ነው፤ ወፍራሙም ቀጭኑም ተጠርቶ ይቀመጣል፤ ከመቀመጡ በፊት ግን ካፖርቱን በር ላይ ካለው ሚስማር ይሰቅላል። ከፎቅ የምትኖረው የእናቷ ታናሽ እህት ብቻ አስቸገረች። አክስቷ ምድጃ አቅፋም የሚበርዳት ሴት ናት።

«አላወልቅም፤ ብርድ ዘመዴ አይደለም።»

«አክስቴ፣ የምለካው አንቺን እንጂ በጉን አይደለም» አለቻት ሚሊሜትር፣ የበግ ቆዳ ካፖርቷን እያየች።

«በጉ የትም ከኔ ጋር ነው የሚሄደው። ሆቴልሽም ከኔ ጋር ነው የሚገባው።»

«እዚያ ካፖርት ተቀባይ አለ። ሰው እንደ ሰው ነው የሚቀመጠው።»

አክስት እያጉረመረመች አወለቀች፤ ተቀመጠች። ወንበሩ በልኳ የፈሰሰ ይመስል ግጥም አለ። ሚሊሜትር ደስ ብሏት ዙሪያውን ዞረች።

ያላወቀችው ነገር ቢኖር የአዳራሹን ማሞቂያ ነው። ባለሆቴሉ «ብርድ እንግዳን ንቁ ያደርጋል» የሚል ፍልስፍና ስለነበረው ማሞቂያውን ጭራሽ ዝቅ አስደርጎታል። በትልቁ ምድጃ ውስጥ የሚንቀለቀለውም እሳት የመብራት እሳት ነው፤ ያበራል እንጂ አያሞቅም።

አዳራሹ በተመረቀ ቀን ኮከብ ሰጪው መጣ። ለሆቴሎች ደረጃ የሚሰጠው ሹም ነው፤ ባለሆቴሉ አምስተኛውን ኮከብ የሚጠብቀው ከዚህ ሰው እጅ ነው። ኮከብ ሰጪው በቁመቱም በወርዱም ያልተቆጠበ ሰው ነው፤ የለበሰው ካፖርት ደግሞ ለብቻው ክፍል ሊከራይ የሚችል። ካፖርት ተቀባዩ እጁን ሲዘረጋለት ሰውየው ትንፋሹን እፍ አለ፤ ትንፋሹ አየር ላይ ጭስ ሆኖ ሲቆም አየው፤ ኮሌታውን ይበልጥ ሰብስቦ አለፈው።

«ይህን ወንበር እኔ ራሴ ነኝ ያሰብኩት» አለ ባለሆቴሉ እየመራው። «ይቀመጡልኝ።»

ሰውየው ተቀመጠ። መጀመሪያ ካፖርቱ ገባ፣ ከዚያ እሱ ተከተለ፤ ጠርሙስ ውስጥ እንደሚወተፍ ቡሽ። የቀረበለትን ትኩስ ነገር ጠጥቶ ሲነሳ ወንበሩም አብሮት ተነሳ። ሁለት እርምጃ እንደ ቀንድ አውጣ ቤቱን ተሸክሞ ሄደና ተመልሶ ዘፍ አለ። የሳቀ ሰው የለም፤ እዚያ ውስጥ የተወተፈው አምስተኛው ኮከብ ነዋ።

ባለሆቴሉ ጥግ የቆመችውን ሚሊሜትርን በጣቱ አመለከተ። «የሷ ሥራ ነው።»

ስትጠብቀው የኖረችው ቃል መጣ፤ የመጣው ግን በዚህ መልክ ነው። ሲያምር የሱ፣ ሲያጣብቅ የሷ። «ማሞቂያውን ዝቅ ያስደረጉት እርስዎ ነዎት» ማለት ትችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ዛሬ የወንበሩን ጥፋት ወደ ሌላ ገፍታ ነገ ስሟን ልትለጥፍበት አይሆንም።

«ምን አሉ ጋሼ? አልሰማሁም።»

«ያንቺ ነው አልኩ።»

«ሙሉውን ነው ወይስ የተጣበቀበትን ቦታ ብቻ?»

«ሙሉውን። እግሩም፣ ክንዱም፣ ቆዳውም ያንቺ ነው፤ እኔ ምኑም ውስጥ የለሁበትም።»

«እኔም ሰምቻለሁ ልጄ» አለ ኮከብ ሰጪው ከወንበሩ ውስጥ። «አሁን አውጪኝ።»

ሚሊሜትር ተንበረከከች። «ጥፋቱም የኔ ነው፣ ጌታዬ። ስለካ ሰው ሁሉ ካፖርቱን ያወልቃል ብዬ ነው።» ከዚያ ቀን በፊት «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ አታውቅም ነበር።

«ታዲያ ካፖርትዎን ቢያወልቁስ?» አለ ባለሆቴሉ።

«በዚህ ብርድ?» ኮከብ ሰጪው ወደ ምድጃው ዞሮ አየ። «ለመሆኑ እሱ ምድጃ ነው ወይስ ሥዕል?»

ሚሊሜትር በካቻቪቴዋ የወንበሩን አንድ ክንድ ፈታች፤ ሰውየውም በጎን በኩል ተንሸራቶ ወጣ። እሷ ግን አልተነሳችም። ናሷን አወጣችና፣ ሁሉም እያያት፣ አንድ ክንድ በቀረው ወንበር ጀርባ ላይ ስሟን ብሎን በብሎን አሰረችው። ባለሆቴሉ አልከለከላትም። እንደውም እንግዳው በደንብ እንዲያነበው ፈቀቅ አለለት።

ኮከብ ሰጪው ጓንቱን እያጠለቀ፣ «ከወንበሩ የሚፈታኝ አገኘሁ፤ ከብርዱ ግን የሚፈታኝ አላየሁም። በአራት ኮከብ ይቆዩ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ሚሊሜትር ወደ ፎቅ ተጣራች። «አክስቴ፣ ካፖርትሽን ለብሰሽ ውረጂ።»

«ሻርፑንስ?»

«ሻርፑንም።»

አክስት በጓን እንደለበሰች ወርዳ አዲሱ የሙከራ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ባለሆቴሉ ምን አለ?»

«ሌሊት አንድ ሐሳብ መጣልኝ ብሎ ላከብኝ። ወንበር ከነካፖርት ነው መለካት ያለበት ይላል።»

«ቱ! አይናገርም እንዴ የማን ሐሳብ እንደሆነ?» አለች አክስት። ትንሽ አሰበችና፣ «ግን እኮ መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ። እውነት ከሆነማ፣ ከናሷ ላይ ከስምሽ ሥር የኔም መጻፍ አለበት።»

«ስም ምን ያደርግልሻል አክስቴ?» አለች ሚሊሜትር፣ ሜትሯን እየዘረጋች። «ወንበር መቀመጫ እንጂ...»

የባለሆቴሉ ቃል አፏ ውስጥ ቀረ። አክስቷ ሻርፑን እያስተካከለች ቀሪውን ትጠብቃለች።