ባለቤቴ ዓይኗን ለእንግዳ የሰጠችበት ቅዳሜ

እኔ የአሳንሰር ጠጋኝ ነኝ። ሕንፃ በር ላይ ስደርስ አሳንሰሮቹ ኮቴዬን አውቀው ከላይ እየተሽቀዳደሙ ይወርዳሉ፤ አላምንም የሚል መጥቶ ይይ። የእጄን ልክ በደንብ ማወቅ የፈለገ ግን ቤቴ ድረስ መግባት አለበት። ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው ጀርባ፣ ከቁርጥራጭ ዕቃ ራሴ የገጣጠምኳት ኮምፒውተር አለች። ቁመናዋ ሁለት የጫማ ካርቶን ቢያክል ነው፤ ሥራዋ ግን የሦስት ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። አራት ሺህ ፊልም ይዛለች። እሺ፣ ሁለት ሺህ። ስድስት መቶውን እንኳ ቆጥሬዋለሁ።

ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። በአንዲት ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር መፍጠር ይቻላል። በእጅ አይዳሰስም፣ ግን ራሱን እንደ ሙሉ ኮምፒውተር ቆጥሮ ይሠራል። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። እኔ "እንግዳው" ነው የምለው፤ ያስጠጋችውን ደግሞ "ባለቤቴ" እላታለሁ። ፊልሙን ለተመልካች የሚያድለው እንግዳው ነው። ቤቱና ዕቃው ግን የባለቤቴ ነው።

ጣቢያዬን የሚከታተለው ሕዝብ ብዙ ነው። በትክክል እንናገር ከተባለ ልጄ ናት።

ሚጣ የምትሠራው በአውቶቡስ አሥር ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ነው። እናቷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ስልክ እንደዋወላለን፤ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ በላህ፣ በላሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ያልቅብናል። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን እኔ ካደራጀሁት ፊልም አንዱን ትከፍታለች። ያኔ የእኔ ቴሌቪዥን ላይ አንዲት መስመር ትወጣለች፦ "ሚጣ — እያየች ነው"። እኔ ፊልሙን አላይም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያቺን መስመር ነው የማየው። ሻይ አፍልቼ እቀመጣለሁ፤ ከሰው ጋር እንደ መቀመጥ ነው።

ባለፉት ሳምንታት ግን እንግዳው ሥዕል መላክ አቃተው። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደ ተብታባ ይደጋግማል፤ ኮምፒውተሯ ራሷ በምትይዘው መዝገብ ላይ ይታየኛል። ስጠይቃት "ኧረ ደህና ነው አባዬ" ትላለች። ልጄን አላውቃትምና ነው? ቅር ብሏት ነው። የሚንተባተብ ሥዕል ያየ ሰው አንድ ቀን ከሌላ ቦታ ማየት ይጀምራል። እሷ ከሄደች ያቺ መስመር ጠፋች፣ ቅዳሜም ጠፋ።

መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሥዕል የሚያፈጥነውን ግራፊክስ ካርድ ከባለቤቴ ነጥቆ ለእንግዳው ማስረከብ። በውሰት አይሆንም፣ ጠቅልሎ መስጠት ነው። ችግሩ ካርዱ አንድ ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥኔም የተሰካው እሱ ላይ ነው። እንግዳው ሲወስደው ባለቤቴ ዓይኗ ይጠፋል። የሚጣን መስመርም እኔ አላያትም። ዘመናዊው ስልኬ ቢኖር በእሱ አይ ነበር፤ ባለፈው ወር ከአሥራ ሁለተኛ ፎቅ በአሳንሰሩ ጉድጓድ ወረደ፤ መሬት እስኪደርስ ድረስ ይጠራ ነበር። አሁን የያዝኩት ቁልፍ የሚጫኑት ነው፤ ከሰዓት በቀር የሚያሳየው የለም።

እሷ ጥርት አድርጋ ካየች ይበቃል አልኩ። ሁለት ጊዜ አልኩት።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ጀመርኩ። ካርዱ ብቻውን እሺ አይልም፤ ድምፅ የምታወጣ ትንሽ ቺፕ አብራው ካልሄደች ንቅንቅ የለም። ይህን ለማወቅ ሌላ ሰው ዓመት ይፈጅበታል። እኔ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አብርቼ ጨረስኩት። ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ከዚያ በኋላ ጥቁር ነው።

ይሁን አይሁን ማረጋገጥ ስለነበረብኝ ለዶክተር ደወልኩ። ዶክተር የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ ሲጠግን ነጭ ካፖርት ስለሚለብስ ነው ስሙን ያወጣንለት። ቀፎው ድምፅ ስለማይስብ ጮኬ ነው የማወራው።

"ዶክተር፣ ባለቤቴ ዓይኗ ጠፍቷል። ከእንግዳው ጋር ምን እየሠሩ እንደሆነ አላውቅም።"

ጋሼ፣ ፈልገው ያመጡት ነው አለና ሳቀብኝ። ከዚያ የካርዱን ማራገቢያ እንዳዳምጥ መከረኝ፤ ከዞረ እንግዳው ሥራ ላይ ነው፣ ሰው እያየ ነው።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት ማራገቢያው ትንፍሽ አለ፣ ከዚያ መዞር ጀመረ። ሳጥኑ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። ሞቀ። ሚጣ እያየች ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ሐውልት ይገባዋል፤ እኔ ሻይ አፈላሁ።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየ ስልኬ ጮኸ። ራሷ ናት።

"አባዬ፣ ለምን ደበቅከኝ?"

ምኑን አልኳት።

"ባለቤት እንዳለህ።"

ግድግዳችን ወረቀት ነው። ከወዲያ በኩል ያለችው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ድንገት ቢያመኝ ብላ የሚጣን ቁጥር ይዛለች። ባለቤቴ ዓይኗ ጠፋ ብዬ ለዶክተር ስጮህ ሰምታ፣ ዓይን ነውና አላስቻላትም፤ ለልጄ ደወለችላት። ልስቅ አፌን ከፈትኩ።

"ደስ ብሎኝ መንገድ ላይ አለቀስኩ" አለች ሚጣ።

ሳቄ ከአፌ ተመለሰ። መንገድ ላይ? ከድምፅዋ ኋላ መኪና ያንባርቃል፣ አንዲት ሴት ቲማቲም እያለች ትጣራለች። በእኔ በኩል ማራገቢያው ይዞራል።

"የት ነሽ አሁን?"

"ገበያ።"

"ፊልሙስ?"

ቲማቲም ሻጯ ሦስት ጊዜ ያህል ተጣራች።

"ከፍቼው ነው የወጣሁት" አለች። "ስሜን እንደምታይ አውቃለሁ አባዬ። ብቻህን እንዳይመስልህ ብዬ ነው።"

ከመቼ ጀምሮ ብዬ ጠየቅኳት። ከካቻምና ጀምሮ። መንተባተቡንስ አላየሽም ወይ አልኳት። የቱን መንተባተብ አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። የሥራ ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ይወጣሉ፤ እሷ ፊልሙን ለመክፈትና ለመዝጋት ስትል ከሰፈር አትርቅም። ኢንተርኔቱ ያለው ቤቷ ነው። አሁን ግን ሰው አለህ አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ከባድ ዕቃ ያወረደ ሰው ትንፋሽ ነበር።

ባለቤት ያልኩት ኮምፒውተሯን ነው ብል በቂ ነበር። ቅዳሜ ይመለስልኝ ነበር።

"ምን ዓይነት ሰው ናት?" አለችኝ።

"ዝምተኛ ናት" አልኩ። "ከቤት አትወጣም። ያላትን ሁሉ ለእንግዳ ትሰጣለች።"

"ትጫወታላችሁ?"

"እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትሰማለች።"

"እንግዲያው ለአንተ የተፈጠረች ናት" ብላ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ። መጥቼ ልያት አለች። መጀመሪያ ዓይኗ ይዳንላት አልኩ። ሰላም በልልኝ አለች፤ እላታለሁ አልኩ። ፊልሙን ቤት ስገባ አጠፋዋለሁ፣ መብራት አይቁጠርብህ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ካርዱን ቀምቼ ለባለቤቴ መመለስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ያን ጊዜ ፊልሙ ይቋረጣል። ማንም ባያየውም ልቆርጠው አልቻልኩም። መሬት ላይ ተቀምጬ ሶፋውን ተደገፍኩ፤ እጄን ሳጥኑ ላይ አደረግኩ። አሁን ቲማቲሙን ትመርጣለች አልኩ። አሁን ታክሲ ትጠብቃለች። ወረፋው ረጅም ይሆናል፣ ቅዳሜ ነው። አሁን ደረጃውን ትወጣለች፤ የእሷ ሕንፃ አሳንሰር የለውም።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ አካባቢ ማራገቢያው ዘገም አለ፣ አቃሰተና ቆመ።

ቤቷ ገባች።