ያልሰጠችው ምስክርነት

ጠራዧ የምታጥፈውን ወረቀት አታነብም። አሥራ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ማንበብ ከጀመረ እጁ ይዘገያል። አንዱን ከክምሩ መሳብ፣ ሦስት ቦታ ማጠፍ፣ በአውራ ጣት መጫን፣ ወደ ቀኝ መግፋት፤ በቃ።

ያን ዕለት የወረቀቱን ቃል የሰማችው በወረቀት ቆራጩ ምክንያት ነው። ሰውዬው በሁሉም ነገር ስለሚፈርድ «ዳኛው» ይሉታል። ምክር ቤቱ ጽንስ ማቋረጥን ለሕክምናም ቢሆን የሚከለክል ሕግ ሊያወጣ ነው ከተባለ ወዲህ፣ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ክርክሩ ሳምንቱን ሙሉ አልበረደም።

«ነፍስ ነፍስ ናት» አለ ዳኛው የመቁረጫውን ምላጭ እየወለወለ። «የሰጠ አምላክ ነው፣ የሚወስድም እሱ። ሐኪም ማን ስለሆነ ነው?»

«እናትየዋስ ነፍስ የላትም?» አለች የኮምፒውተር ጸሐፊዋ ከበሩ ላይ ሆና። «ሕጉ ከወጣ እኮ ሐኪሞቹ እስር ቤትን ፈርተው አይነኳትም። እጃቸውን አጣጥፈው ስትሞት ያዩአታል።»

«አንቺ ገና አልወለድሽ፣ ምን ታውቂያለሽ።»

«አንተስ ስንት ወለድክ፣ ጌታው?»

ሁሉም ሳቁ። ዳኛው ግን እጅ አልሰጠም። ከጠራዧ ክምር ላይ አንዱን በራሪ ወረቀት አንስቶ፣ «እንግዲያው የደረሰባት ራሷ የተናገረችውን ስሙ» አለና ማንበብ ጀመረ።

«የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የእርግዝናዬን አራተኛ ወር ስይዝ ዶክተሯ ‹ልብሽ ይህን እርግዝና አይችልም› አለችኝ። ባሌ መንገድ ላይ ነበር። ከሆስፒታሉ ጀርባ ትምህርት ቤት አለ፤ ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተው ይጮሃሉ። ነርሷን ‹መስኮቱን አትዝጊብኝ፣ ድምፃቸውን ልስማ› አልኳት።»

የጠራዧ አውራ ጣት እጥፉ ላይ ቀረ።

«ተታልዬ ነበር» ቀጠለ ዳኛው ድምፁን ለስለስ አድርጎ። «ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያኔ ምነው በሞትኩ እላለሁ። እህቶቼ፣ የእኔ ስህተት ይብቃችሁ።»

ጸሐፊዋ እንኳ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች።

መስኮቱ እውነት ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ዶክተሯም፣ ጭነት መኪና ይዞ ድንበር ላይ የነበረው ባሏም እውነት ናቸው። ‹ተታልዬ ነበር› ከሚለው ወዲያ ያለው ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ስለ መስኮቱ የሚያውቅ ደግሞ ከነርሷ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው። ወረቀቱን ገልብጣ ከታች አየች፤ «የእናቶች የጸሎት ማኅበር» ይላል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ታላቅ እህቷ ናት።

ወደ ባለማተሚያ ቤቱ ቢሮ ገብታ ሥራው ይቁም አለችው።

«ለምን?»

«ሴትየዋ ፈቃድ የሰጠች አይመስለኝም።»

«ስሟ የለበትማ። ደንበኛ በሚያጽፈው ውስጥ አንገባም፣ እህቴ።»

እኔ ነኝ ልትል አፏ ድረስ መጣ። ዳኛው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዋጠችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ እህቷ ሱቅ ሄደች። እህቷ መጋረጃ እየሰፋች የምትሸጥ ናት። በዘጠኝ ዓመት ትበልጣታለች፤ እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች አሳድጋታለች ማለት ይቻላል። ለዚህም ይመስላል ጠራዧ ሁለት ልጅ ወልዳም «እቴቴ» ማለቱን ያልተወችው። የዛሬ ሦስት ዓመት የልብሽ ቫልቭ፣ ደም የሚያሳልፈው በር፣ ጠቧል፤ እርግዝናው ከቀጠለ ላትተርፊ ትችያለሽ ሲሏት፣ መጀመሪያ የሮጠችው ወደዚሁ ሱቅ ነበር። እቴቴ ጾም ጸሎቷ የማይስተጓጎል ሴት ናት፤ መቀሷን አስቀመጠች። ከዚያም «ኃጢአት ከሆነ እኩል እንካፈለዋለን» ብላ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ አብራት ወጣች። ጠራዧ ከዚያ ቀን በኋላ ከእሷ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም።

አሁን ወረቀቱን የጨርቁ ክምር ላይ ዘረጋችላት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

እቴቴ መነጽሯን አደረገች እንጂ አላነበበችውም። «እናንተ ጋ ነው እንዴ የሰጡት?» አለች። «ሌላ ማተሚያ ቤት ውሰዱት ብያቸው ነበር።»

ጠራዧን ከወረቀቱ ይልቅ ይሄ ክው አደረጋት።

«እንዳላይ ነበር የፈለግሽው።»

«ስምሽን አልጠራሁም።»

«መስኮቱን ጠርተሻል።»

እቴቴ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር አውርዳ ጠቀለለችው። «አልቅሰሽ ነበር። እቅፌ ውስጥ ሆነሽ ነው ያለቀስሽው።»

«እናታችን ስትሞትም አልቅሻለሁ። ገደልኳት ማለት ነው? ማልቀስና መጸጸት አንድ ነው? መቼ ነው ተታለልኩ ያልኩሽ?»

«እኔ ተጸጽቻለሁ።» የእቴቴ ድምፅ ቀነሰ። «ያን ቀን እጅሽን ይዤ እንውጣ ብልሽ ትወጪልኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄ ሲያብሰለስለኝ ነው የኖርኩት። የጻፍኩት የራሴን ነው።»

«እንግዲያው ‹እኔ እህቷ ነኝ› ብለሽ በራስሽ አፍ ጻፊው።»

«የእህትን ማን ይሰማል? ሰው የሚሰማው እናት ስትናገር ነው። ይሄ ሕግ ከወጣ ስንት ሕፃን ይተርፋል፣ እስቲ አስቢው።»

«ያኔ ሕጉ ኖሮ ቢሆን እኔ የለሁም፣ እቴቴ። ልጆቼን የምታሳድጊያቸው አንቺ ነበርሽ።»

«እሱን አምላክ ነው የሚያውቀው። ሐኪም ይሳሳታል። ትተርፊ ነበር ብዬ አምናለሁ።»

«ባልተርፍስ?»

በዚህ መሐል አንዲት ገዢ ገባች። «ይሄ ነጩ ሜትሩ ስንት ነው?» አለች ሴትየዋ። እቴቴ የዳነች ያህል ፈጥና ዞረችላትና ጨርቁን መዘርጋት ጀመረች።

ጠራዧ ሴትየዋ እስክትወጣ ጠበቀች። «ቢያንስ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አውጪያቸው» አለች። «አልተጸጸትኩም አላልኩም፣ ተጸጸትኩም አላልኩም። የራሴ ጉዳይ ነው። እኔ ያላልኩትን አለች አትበዪ።»

«እሑድ ጉባኤ ላይ ይነበባል። አባቶች አይተውታል። አሁን ምን ብዬ ልመልሰው?»

«ዋሽቻለሁ በያቸው።»

እቴቴ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ መለሰችላት፣ እንደ ደረሰኝ።

ወደ ሥራ ስትመለስ ክምሩ እንደነበረ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃት ነበር። ባለማተሚያ ቤቱ ሰዓቱን እያየ ነበር። አሁን ግን በሩ ላይ ማን እንደቆመ አልተመለከተችም።

«የእኔ ታሪክ ነው» አለች። «መጨረሻው ውሸት ነው። አላጥፍም፤ ለሌላ ሰው ስጠው።»

ባለማተሚያ ቤቱ ጉሮሮውን ጠረገና ሥራውን ለጸሐፊዋ አዞረው። ጸሐፊዋም እያጠፈች አለቀሰች፤ ደሞዟ ነውና ግን አጠፈች። ዳኛው የሚፈርደው ጠፍቶት ምላጩን ሲወለውል ዋለ። ከሥራ ሲወጡ «እኔ እኮ አላወቅሁም ነበር» አላት። «ብታውቅስ ምን ትል ነበር?» አለችው። ወረቀቱ በዚያው ቀን በሙሉ ወጣ።

ቤት ስትደርስ ትንሹ ልጇ ጎረቤት ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሴት ልጇ ማዕድ ቤት ተቀምጣ ካርታ ታቀልማለች። ጠራዧ መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ ነበር፤ እሑድ አገር ይሰማዋል፣ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ትስማ ብላ ቆርጣለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሆስፒታል የገባሁ ጊዜ—»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል። «አክስቴ ነግራኛለች።»

«መቼ?»

«ዓምና፣ ክረምት እሷ ጋ የከረምኩ ጊዜ። ለሕፃኑ በየማታው ጸልዪ አለችኝ። አንቺን እንዳልጠይቅሽ ደግሞ አስማለችኝ፤ ልቧን ያማታል ብላ።»

ዓምና ክረምት። ልጅቷ ይህን በሆዷ ይዛ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎኗ በልታለች፣ ተኝታለች፣ ደህና እደሪ ብላታለች።

«እማዬ፣» አለች ልጅቷ፣ ሰማያዊውን እርሳስ በጣቷ እያሽከረከረች፣ «ልብሽ በእኔ ጊዜ ታሞ ቢሆን ኖሮስ?»

ጠራዧ ልጇን አስጠግታ ከመጀመሪያው ጀመረች። ደረጃ መውጣት ካቃታት ቀን፣ ዶክተሯ ልቧን ለማሳየት ከሣለችላት ሥዕል፣ ከልጅቷ አባት ጋር በስልክ ከተባባሉት። እሷን ባረገዘች ጊዜ ልቧ ጤነኛ እንደነበረ፣ ታሞ ቢሆን ምን ታደርግ እንደነበር ግን በእውነት እንደማታውቅ ነገረቻት። የፈራችውን ነገረቻት፣ ያዘነችውን ነገረቻት፣ የወሰነችው ራሷ መሆኗንም ነገረቻት። ልጅቷ ሁለት ሦስቴ አቋረጠቻት፤ አቋርጣም የጠየቀችው ሁሉ ተመለሰላት።

ሲጨርሱ ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ይሄን ለአክስቴ ልንገራት?» አለች። «እሷ እንደዚህ አድርጋ አይደለም የነገረችኝ። ምናልባት አታውቀው ይሆናል።»

«አይ፣ አትንገሪያት» አለች ጠራዧ። «ታውቀዋለች። እዚያው ነበረች።»